አልጋ አይቀዝቅዝ

የርክክብ ጥሩምባ ሲነፋ ሐሴትና ገመቹ ደቡብ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሻንጣቸውን መሃላቸው አድርገው ቆመው ነበር። ጥሩምባው እንደ ልማዱ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አንቀጠቀጠው። የሐሴት እግር ሳታዝዘው አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ገመቹ ደግሞ አፉን በሰፊው ከፍቶ አዛጋ። ከዚያ ተያዩና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«የት ልትሄጂ ነው?» አላት።

«አንተስ? እዚሁ ቆመህ ልትተኛ ነው እንዴ?»

ይኼ ምን ያስቃል የሚል ሰው ካለ አይፈረድበትም፤ የዚያ ዘመን አዲስ አበቤ አይደለማ። ሁለቱ ከተጋቡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በአራት ዓመት ውስጥ ይህ ጥሩምባ ተነፍቶ ከሁለቱ አንዱ ጫማ ሳያወልቅ፣ ሌላው ጫማ ሳያጠልቅ የቀረበት ጊዜ አልነበረም። ከተማው ሰው በዝቶበት ቤት ከጠፋ ወዲህ ኑሮ በፈረቃ ሆኗል። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ሁለት ተረኛ። የቀኑ ተረኛ ማታ ሲገባ የሌሊቱ ይነሳል፣ ጠዋት ደግሞ ይገለበጣል። በየፎቁ መግቢያና በየአውቶቡሱ ጀርባ በትልልቅ ፊደል «አልጋ አይቀዝቅዝ» ተብሎ ተጽፏል። ደግሞ የምር ነው። አልጋው ቀዝቅዞ የተገኘ ቤት ካለ ጎረቤት ለወር የሚያወራው አያጣም፤ «እነ እገሌ እኮ አልጋቸው ቀዝቅዞ ተገኘ» ሲባል፣ ሰው ሁሉ ሌባ የተያዘ ያህል ጭንቅላቱን ይነቀንቃል።

ባልና ሚስት ከሆኑ ለአንዱ ቀን፣ ለሌላው ሌሊት ይደርሰዋል። ከማያውቁት ሰው ጋር አልጋ ከመለዋወጥ አይሻልም? ይሻላል እንጂ! ሐሴት የሌሊት ናት፤ በመብራት ጎመንና ቆስጣ በሚበቅልበት ፎቅ ውስጥ ቅጠል ትለቅማለች። ገመቹ የቀን ነው፤ ጣሪያ ለጣሪያ እየዞረ የፀሐይ ሰሌዳ ያጥባል። የሚገናኙት በርክክብ ሰዓት ብቻ ነው። ተነሺው በር ላይ ቆሞ «ውሃው ሞልቷል፣ ምስሩ ምድጃው ላይ ነው፣ የጎረቤታችን የእማማ ደብሪቱ ቁልፍ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል» ይላል። ገቢው «ተረክቤያለሁ» ይላል። ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ፤ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው አልጋው ውስጥ ይገባል። አልጋው ታዲያ ሙቅ ነው። ሐሴት ባሏን በደንብ የምታውቀው በዚያ ሙቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትከሻው ፍራሹን የቱ ጋ እንዳጎደጎደው፣ ትኩሳት ይዞት ያደረ እንደሆነ፣ ሲገላበጥ ያደረ እንደሆነ፣ ሁሉንም ከአንሶላው ታነባለች።

ይኼም ቢሆን ኑሮ ነው፤ ለምደውት ነበር። ነገር የመጣው ሐሴት ስታረግዝ ነው። ልጅ ሰባት ዓመት እስኪሞላው የእናቱን ፈረቃ ይይዛል፤ ደንቡ ነው። አባት ቀን ጣሪያ ላይ ሲውል ልጅ ተኝቶ ይውላል፣ ልጅ ሲነቃ አባት ይተኛል።

«ልጄን ጥሩምባ ሲነፋ ብቻ የማየው ከሆነ» አለ ገመቹ ያን ጊዜ፣ በሩ ላይ እንደቆመ፣ «እኔ ምኑን አባት ሆንኩት? ተረካቢ ነኝ እንጂ!» ሐሴት ያን ቀን በዚያ ሙቅ አልጋ ውስጥ እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም።

አንድ መንገድ ብቻ ነበር። እንቅልፋቸው የገጠመ ባልና ሚስት አንድ ፈረቃ ይሰጣቸዋል፤ ሰፋ ያለ አልጋ ያገኙና እንደነሱ ከገጠመ ሌላ ጥንድ ጋር ይረካከባሉ። መግጠማቸውን የሚመሰክረው እንቅልፍ የሚለካ ትራስ ነው። ፈተናው ለአንድ ልጅ አንዴ ነው፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። በከተማው ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰው አብሮ አንድ ሌሊት የሚያድርበት ባዶ አልጋ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ፈተናው የሚካሄደው ማታ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ሞያሌን አቋርጦ፣ ጠዋት የኬንያዋ ላሙ የባሕር ዳርቻ በሚደርሰው ባቡር ላይ ሆነ። ሕዝቡ «የሙሽሮች ባቡር» ይለዋል፤ ከተሳፋሪው ግን ሙሽራ የሚባል የለም። አብዛኛው ነፍሰ ጡር ወይም ሆዷ የገፋ ሚስት ያለችው ነው።

ባቡሩ መጣ። ረጅም፣ ሰማያዊ፣ ድምፁ የማይሰማ። ሐሴት የገመቹን ክንድ ይዛ ጭምቅ አደረገችው።

«ገሜ፣ ሆዴ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ልጁ ነው እኔ ነኝ?»

«እኔ ነኝ» አለ ገመቹ ሻንጣውን እያነሳ።

በር ላይ የተቀበሏቸው ጋሽ ሰንበቶ የሚባሉ አስተናጋጅ ናቸው። ጺማቸው ሸብቷል፤ ድምፅ እንዳያሰሙ ጫማቸው ላይ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ደርበዋል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ልጆቼ። የሌሊቱ ተረኛ የትኛችሁ ናችሁ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች ሐሴት።

«አይይ! እንግዲያው ፈተናው ያንቺ ነዋ። ቀን ተኝተሽ መጥተሻል?»

«ኧረ እንዳይወስደኝ ቆሜ ነው የዋልኩት። እንዲደክመኝ ብዬ።»

ጋሽ ሰንበቶ ጺማቸውን አሻሹ። ይኼ ነገራቸው ሐሴትን ደስ አላላትም።

ክፍሏ ትንሽ ናት፤ ግን ምን የሌላት ነገር አለ! ከግድግዳ የሚታጠፍ መታጠቢያ፣ ሙሉ ግድግዳ የሚያክል መስኮት፣ ሲነኩት የሚደበዝዝ መብራት። ገመቹ መታጠቢያውን አወጣው፣ አስገባው፣ ደግሞ አወጣው። ሐሴት «ተው ትሰብረዋለህ!» እያለች ራሷ ሦስተኛ አወጣችው። ከዚያ ሁለቱም ዞረው አልጋውን አዩት። ሰፊ ነው። ሁለት ትራስ ጎን ለጎን ተቀምጠውበታል። በሕይወታቸው ሁለት ትራስ አንድ አልጋ ላይ አይተው አያውቁም።

ሐሴት እጇን ዘርግታ አንሶላውን ነካችውና ቶሎ መለሰችው።

«ቀዝቅዟል» አለች በሹክሹክታ። የሰው ገመና እንዳየ ሰው ፊቷ ቀላ።

«ከጥገና መምጣቱ ስለሆነ ማንም አልተኛበትም» አሉ ጋሽ ሰንበቶ። «ስትተኙበት ይሞቃል። አሁን የምነግራችሁን ስሙኝ። ከራስጌ ያለችውን መብራት አያችኋት? አሁን ብጫ ናት። ሞያሌ ስንደርስ ሁለታችሁም እንቅልፍ ላይ መሆን አለባችሁ። ከዚያ እስከ ንጋት አብራችሁ ከዘለቃችሁ አረንጓዴ ትሆናለች። ካልሆነ ቀይ። የተኙ መስሎ መጋደም የሚባል ነገር አይሠራም፤ ትራሱን ማንም አሞኝቶት አያውቅም።»

«አንድ ሰው ብቻ ቢተኛስ ጋሼ?» አለ ገመቹ።

«አንድ ሰውማ ቤታችሁም ይተኛል» አሉት። ሊወጡ ሲሉ ደግሞ መለስ ብለው፣ «እኔ ልጅ ሆኜ ከተማው በሙሉ በአንዴ ነበር የሚተኛው። ስታስቡት አይገርምም? ሚሊዮን ሰው ባንድ ላይ ሲያንኮራፋ! ያን ጊዜ ተረኛ ውሻ ብቻ ነበር» አሉና እየሳቁ በካልሲያቸው ተንሸራተው ሄዱ።

ባቡሩ ተነሳ። ገመቹ አፍንጫውን መስኮቱ ላይ ለጥፎ «ያቺን አየሻት? ያቺ የምታብረቀርቀው ጣሪያ! የኔ ናት! ትናንት ነው ያጠብኳት!» እያለ ጮኸ። ሐሴት ከጎኑ ተንበረከከች። ፀሐይዋ እየጠለቀች ሰሌዳዎቹን ሁሉ አቅልታቸዋለች። ስንት ጊዜ በድምፅ መልእክት ነግሯት ይሆን፣ «ዛሬ ጣሪያው እንዴት አምሮ ነበር መሰለሽ» እያለ? እሷ ግን በዚያ ሰዓት ዓይኗን እያሻሸች ጫማዋን የምትፈልግ ሰው ናት። አሁን አየችው። ዕንባዋ መጣ፤ ሳቋም መጣ፤ የቱን ልታስቀድም እንደሆነ ግራ ገባት።

ከሞጆ ወዲያ ሲመሽ እራት አወጡ። የገመቹ እናት ለመንገድ ብለው ጭኮ ሠርተው ሰጥተዋቸው ነበር፤ ቅቤው እጅ ላይ ይቀልጣል። እማማ ደብሪቱ ደግሞ «እንቅልፍ የሚጠራው ይኼ ነው» ብለው አንድ ትልቅ ፔርሙዝ ትኩስ ወተት በማር አሸክመዋቸዋል። ገመቹ ኃላፊነት ተሰምቶት ወተቱን ብቻውን ሊጨርሰው ትንሽ ቀረው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሐዋሳ ድረስ ሽንት ቤት ሲመላለስ ነበር። በተመለሰ ቁጥር ሐሴት አዲስ ቀልድ ታዘጋጅለታለች። የጎመን ፎቁ አለቃ እንዴት እንደሚራመድ እየተነሳች አሳየችው። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ እንደ አለቃዋ ስትንጎማለል ገመቹ ወለሉ ላይ ተቀምጦ በሳቅ ፈረሰ።

«አንቺ!» አላት ትንፋሹ ሲመለስ። «ሌሊት ሌሊት እንዲህ ነሽ?»

«እንዴት?»

«እንዲህ… ተጫዋች። ሰው ሳይነግረኝ! ለአራት ዓመት ያገባሁት እኮ አንዲት ዓይኗ የተጨፈነ ሴት ነው።»

«እኔስ ያገባሁት? ማታ ደክሞት የሚገባ፣ ጠዋት እያዛጋ የሚወጣ ሰውዬ አይደል? ይኼን ጉንጭህ ላይ የሚሰረጉደውን ነገር ዛሬ ነው ያየሁት።»

እውነቷን ነው። በቀን ውስጥ ሁለት መጥፎ ሰዓት ካለ፣ አንዱ ሰው በደንብ ሳይነቃ ያለው፣ ሌላው ደግሞ ሰው ሲዝል ያለው ነው፤ እነሱ ደግሞ የሚተዋወቁት በነዚያ ሁለት ሰዓት ነበር። አሁን ይኼው ሙሉ ሌሊት ተሰጥቷቸው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው እንደ አዲስ ሰው ይተያያሉ። ሐሴት ደስታዋ ጉሮሮዋ ድረስ ሞልቷል። ትራሱም፣ መብራቷም፣ ሞያሌም ለጊዜው ከሐሳቧ ጠፍተው ነበር።

ዲላን ሲያልፉ ገመቹ ነው ያስታወሳት። «በቃ እንሞክረው» አለ።

ልብሳቸውን ቀየሩ። መብራቱን አደበዘዙ። ሐሴት ወደ ግድግዳው በኩል ገብታ ጭንቅላቷን ትራሱ ላይ አሳረፈች። እንዳሳረፈች ገመቹ ብድግ አለ። አንድ ካልሲ አጥልቆ፣ ቀበቶውን ይዞ፣ እጁ የበሩ መክፈቻ ላይ ደረሰ።

«ገሜ?»

«አቤት?»

«የት ነው?»

ገመቹ ቀበቶውን አየው። በሩን አየው። «እንጃ» አለ።

በሳቅ ሞቱ። ተመለሰ። አሁን እሱ ይቅደም ተባባሉ። ገመቹ ጭንቅላቱን ትራሱ ላይ ሲጥል፣ ሐሴት ራሷን ያገኘችው መስታወቱ ፊት ሻሿን ስታስር ነው። እንዴት እንደተነሳች እንኳ አታውቅም። ሦስተኛ ሞከሩ፣ አራተኛ ሞከሩ። አንዱ ሲተኛ ሌላው እንደ ፌንጣ ይፈናጠራል። ከግድግዳው ወዲያም ዱብ ዱብ የሚል የእግር ኮቴ ተሰማ፤ ጎረቤቶቻቸው፣ ሲሳፈሩ ያዩዋቸው መነጽር ያደረገው ረጅም ሰውዬና ቀይ ሻሽ ያሰረችው ሚስቱ፣ እነሱም ይነሳሉ፣ ይተኛሉ፣ ይነሳሉ። መጀመሪያ ሐሴት ሳቀች። ቆይቶ ግን የዚያኛው ክፍል ኮቴ አላቆም ሲል ሳቋ ጠፋ።

«ገሜ፣ ባይሆንልንስ?»

«ይሆናል። ነጠላሽን አምጪልኝ።»

የእሱን ቀኝ እግርና የእሷን ግራ እግር ቁርጭምጭሚታቸው ላይ በነጠላው አንድ ላይ አሰራቸው። «አሁን የሚነሳ ይነሳና እንተያያለን» አለ። ጭንቅላታቸውን እኩል ጣሉ። የሁለቱም እግር ዘለለ፤ ነጠላው ያዛቸው። ደግሞ ዘለለ፤ ደግሞ ያዛቸው። ቀስ በቀስ እግራቸው ተስፋ ቆረጠ። ያ ሁሉ ወተትና ያ ሁሉ የጣሪያ ላይ ውሎ ሥራውን ሠራና፣ ገመቹ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተንፍሶ ተኛ።

ሐሴት ግን አልተኛችም።

ዓይኗን ጨፈነች። ከፈተች። በግራ ጎኗ ዞረች፣ እግሯ ስለታሰረ መልሳ በጀርባዋ ሆነች። ቀኑን ሙሉ ቆማ መዋሏ እንቅልፉን አሳልፎባት፣ አሁን ዓይኗ እንደ ጎመን ፎቁ መብራት በርቷል። በዚህ ሰዓት እሷ ሥራ ላይ ናት፤ ቅጠል ትቀነጥሳለች፣ ትዘፍናለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ትላከፋለች። ልጁም ይኼ ሰዓቱ ነው። ሆዷ ውስጥ ተገለባበጠ፣ ረገጠ። መብራቷ ከራስጌ ብጫ ሆና ታያታለች። ጎኗ ላይ የተኛውን ሰው አየችው። ባሏ ሲተኛ አይታ አታውቅም። አፉ በትንሹ ይከፈታል፤ ቅንድቡ አንድ ነገር እንደሚያስብ ሰው ይሰበሰባል። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ወረራት። ይኼን ፊት ከዛሬ ሌላ ላታየው ነው። ልጇም የአባቱን ፊት እንዲሁ በር ላይ፣ በችኮላ ብቻ ሊያየው ነው።

ባቡሩ ያቤሎ ጣቢያን አለፈ፤ መብራቶቹ በመስኮቱ ሮጡ። የሚቀጥለው ሞያሌ ነው። ልቧ መምታት ጀመረ፤ ልብ ሲመታ ደግሞ ማን ይተኛል? «ተኚ እንጂ አንቺ ሴትዮ!» አለች ለራሷ። ብርድ ብርድ አላት። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችው። ወፍራም ነው፤ ግን ብርዱ ከላይ አይደለም የሚመጣው። ከታች ነው። በጀርባዋ በኩል።

ያኔ ገባት። አልጋው! በሕይወቷ ሰው ያላሞቀው አልጋ ላይ ተኝታ አታውቅም። በልጅነቷ ከታላቅ እህቷ ተረክባ ነው የተኛችው፤ ካገባች ወዲህ ከገመቹ። ሰውነቷ ለመተኛት የሚጠብቀው የእሱን ሙቀት ነው፤ የእሱ ሙቀት ደግሞ ይኼው አጠገቧ አለ፣ እሱ ራሱ ተኝቶበታል!

ልትቀሰቅሰው እጇን ዘረጋችና ቆመች። ብትቀሰቅሰው ተመልሶ ባይተኛስ? ተኝቶ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ካጣችው ምንም የላቸውም። ባትቀሰቅሰውስ? አንድ ሰውማ ቤታችሁም ይተኛል ብለዋል ሽማግሌው። ቆረጠች፤ ትከሻውን ያዘችና ነቀነቀችው።

«ተረክቤያለሁ!» ብሎ ገመቹ ዓይኑን ሳይገልጥ ዘለለ፤ እግሩ ታስሯላ፣ በግንባሩ ተደፋ።

«እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ! ሞያሌ ልንደርስ ነው፣ እኔ ደግሞ አልተኛሁም። ቦታህን ስጠኝ!»

«ምን?»

«ቦታህን! በርዶኛል። ያንተ ሙቅ ነው።»

ግማሽ ልቡ እንደተኛ ተንከባለለላት። እሷ እሱ የተኛበት ጉድጓድ ውስጥ ገባች። ወይ ጉድ! ያ የምታውቀው ሙቀት ጀርባዋን ተቀበላት፤ አጥንቷ ሁሉ ለሰለሰ። «እፎይ» አለች። ከዚያኛው ወገን ግን ጥርስ ሲገጫጭ ሰማች።

«ሐሲ… አሁን ደግሞ እኔ በረደኝ።»

እሱም እኮ አራት ዓመት የተኛው በእሷ ሙቀት ነው!

«ና» አለችው። «እዚሁ ና።»

«አይበቃንም።»

«ይበቃናል። ጠጋ በል።»

ለሁለት ሰው ተብሎ የተሠራውን አልጋ ግማሹን ባዶውን ትተው፣ የአንድ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ተጣብቀው ገቡ። አፍንጫው አፍንጫዋን ነካው። እስትንፋሱ ማር ማር ይሸታል። ሞቃቸው። ግን አሁንም ሁለቱም ዓይናቸው አልተከደነም፤ አንድ የጎደለ ነገር አለ። ሐሴት ናት ያገኘችው።

«ርክክብ አላደረግንም እኮ!»

ገመቹ አሰበ። «ምን ይኖረናል የምንረካከበው? ውሃው የነሱ ነው። በሩም የነሱ ነው።»

ሐሴት እጁን ያዘችና ሆዷ ላይ አኖረችው። ሊናገር ሲል «እሽሽ፣ ጠብቅ» አለችው። ገመቹ ስለ ልጁ ርግጫ የሚያውቀው በድምፅ መልእክት ነው። «ዛሬ ሌሊቱን ሲጨፍር አደረ» ትለዋለች፤ በር ላይ ሲገናኙ ግን ልጁ ጸጥ ይላል፤ መዳፉን ሆዷ ላይ አድርጎ ሲጠብቅ ሰዓት ይደርስና ይሄዳል። አሁን የትም አይሄድም። ጠበቀ። ድንገት መዳፉ ስር አንድ ትንሽ፣ ጠንካራ ነገር ጎሸም አደረገችው።

«ውይ!» አለ። «ውይ ሐሲ! መታኝ!»

«መታህ አይደል?»

«መታኝ! ደግሞ መታኝ! ኧረ ይኼ ልጅ ነገረኛ ነው!» ድምፁ ተሰበረ። በጨለማው ውስጥ ሲያለቅስና ሲስቅ ሰማችው፤ እሷም አብራው ሆነች።

«ልጅህ ደህና ነው» አለች፣ በር ላይ እንደሚሉት አድርጋ። «በልቷል። ተጫውቷል። አሁን ሊተኛ ነው። ተረከብ።»

«ተረክቤያለሁ» አለ ገመቹ።

አልተነሳም። እጁም እዚያው ቀረ። ሐሴትም ተነስታ የምትሄድበት ቦታ ስላልነበራት ዓይኗን ከደነች። ልጁ አንድ ሁለቴ ተንቀሳቀሰና ዝም አለ። ባቡሩ ሞያሌ መቼ እንደደረሰ፣ መቼ እንደተነሳ ሁለቱም አያውቁም።

ያነቃት ብርሃን ነው። ፊቷ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ተሰማት፤ ገልጣ ስታይ ክፍሉ በሙሉ ወርቅ ሆኗል። ባቡሩ ቆሟል። ለአፍታ የት እንዳለች ጠፋት፤ ከዚያ ከጎኗ አፉን ከፍቶ የተኛውን ሰው አየችና ሁሉ ነገር መጣላት። ጠዋት ነው፤ ገመቹ ደግሞ በር ላይ ጫማ አድርጎ የቆመ አይደለም፣ እዚሁ ነው። መብራቷን ቀና ብላ ለማየት ግን ድፍረት አጣች። በአንድ ዓይኗ ገልጣ አየች።

«ገሜ!» ጩኸቷ ባቡሩን አናጋው። «ገሜ፣ ተነስ! አረንጓዴ! አረንጓዴ ናት!»

ገመቹ ዘለለ፣ ነጠላው ጎተተው፣ ሁለቱም ተያይዘው ወለሉ ላይ ወረዱ። እዚያው ወለል ላይ ተቃቅፈው «አረንጓዴ! አረንጓዴ!» እያሉ ይጮኻሉ። በሩ ተንኳኳ።

«እናንተ ልጆች!» አሉ ጋሽ ሰንበቶ። «እሰይ፣ እሰይ! ወጥቼ ወርጄ ሁለቴ አንኳኩቻለሁ እኮ። ባሕሩ አይሄድም፤ ባቡሩ ግን ለጽዳት ሊሄድ ነው። ቶሎ በሉ!»

ያኔ ነው መስኮቱን ያዩት። ውሃው እስከ ሰማይ ድረስ ተዘርግቷል። ገመቹ በጣቱ ጠቆመ፤ ሐሴት «አየሁት፣ አየሁት» እያለች ሻንጣውን ያለ ቅጥ ጠቀጠቀች።

ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ የጎረቤቶቻቸው በር ተከፍቶ ነበር። ከራስጌያቸው ያለችው መብራት ቀይ ናት። ቀይ ሻሽ ያሰረችው ሴት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ባሏ መነጽሩን በእጁ ይዞ ከፊቷ ቆሟል። «ውሃው ሞልቷል» ይላት ነበር በቀስታ። «በሩ ተቆልፏል።» ውሃውም፣ በሩም የባቡሩ እንጂ የነሱ አልነበረም። ሴትዮዋ «ተረክቤያለሁ» አለችና እንቅልፍ ሳይኖራት ጋደም አለች። ሐሴት አንድ ነገር ልትላቸው ፈለገች። ምን ይባላል? የተረፈውን ጭኮ በራፋቸው ላይ አስቀምጣ አለፈች።

መውረጃው ጋ ሲደርሱ ገመቹ ድንገት ቆመ።

«አልጋው!» አለ። «ሐሲ፣ አልጋውን እኮ ማንም አልተረከበንም!»

ተመልሰው ሮጡ። በአራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ትተው ወጥተው አያውቁም። ሐሴት እጇን አንሶላው ላይ አደረገች። ጉድጓዱ ገና ሞቅ ያለ ነበር፤ የእሷና የእሱ፣ የልጁም፣ የሦስቱም ሙቀት። አንድ ሰው ይመጣና ይገባበታል ብላ በሩን አየች። የሚመጣ ሰው የለም። ገመቹም በሩን አየ። ከውጭ የባሕሩ ድምፅ ይሰማል፤ ፀሐይዋም አለች፤ ልጁ ረገጠ። ሐሴት እጇን ከአንሶላው አነሳችና የባሏን እጅ ያዘች።

«ይቀዝቅዝ!» አለች።

እየሮጡ ወረዱ።